ወንድምህን «ባንዳ» ከማለትህ በፊት ላፕቶፕህን ፈትሽ

ጎበዝ! ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰልፍም፣ ስለ ምርጫም፣ ስለ መግለጫም አይደለም። ጠረጴዛህ ላይ ስላለችው ላፕቶፕ ነው። እህቴ፣ ነገሩ አንቺንም ይመለከታል። «ይሄ ደግሞ ከአማራ ወጣት ጥያቄ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ታገሰኝና እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ ትፈርዳለህ።

በመካከላችን የተነጋገርነው ነገር ውጭ ሲሰማ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ማነው የሸጠን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ማስረጃ አንፈልግም። ባለፈው ስብሰባ ዝም ያለው፣ ስልኩን ይዞ ወጣ ያለው፣ ከሌላ ሰፈር የመጣው ልጅ ላይ ጣታችንን እንቀስራለን። ባንዳ እንለዋለን። አያቶቻችን ይህን ቃል የሚሰጡት በጣሊያን ዘመን ከወራሪ ጋር ቆሞ ወገኑን ለወጋ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ ግን እንደ ሰላምታ ረክሷል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ብዙ ጊዜ የሸጠን ጓዳችን አይደለም። የሸጠችን በራሳችን እጅ በሯን ከፍተን ያስቀመጥናት ኮምፒውተር ናት።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ለተፈናቀሉ ወገኖቻችን ብርድ ልብስና ዱቄት የምታሰባስብ ትንሽ ኮሚቴ ነበረችን። ስድስት ነበርን። የለጋሾቹ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የሰጡት ብር በአንድ የኤክሴል ፋይል ተጽፎ እኔ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጧል። ሒሳብ የሚይዘው ጓደኛችን ደግሞ አንድ ጊዜ በፍላሽ ገልብጦት ነበር። አንድ ቀን ለጋሾቻችን ይደወልላቸው ጀመር። «ከኮሚቴው ነን። ባለፈው ይህን ያህል ሰጥተው ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን ቁጥር ስለቀየርን በዚህኛው ይላኩልን።» ደዋዩ ስማቸውንም የሰጡትንም ብር ሳይሳሳት ይጠራል። አንዲት እናት ጉሊት ሸጠው ያጠራቀሟትን አምነው ላኩ።

እኛ ምን አደረግን? ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተሰብስበን ሒሳብ ያዡን ልጅ ከሰስነው። ፋይሉ ያለው እኔና እሱ ጋ ነው፤ እኔ አልሸጥኩም፤ ስለዚህ እሱ ነው። በቃ፣ ፍርዱ ይኸው ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር ተነስቶ ሄደ። ዝም ማለቱን ራሱ እንደ ማስረጃ ቆጠርንበት።

ከወራት በኋላ ላፕቶፔ በጣም ስትዘገይብኝ ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። ሁለት ሰዓት ቆፍሮ ጠራኝ። ማሽኗ በተከፈተች ቁጥር አብሮ የሚነሳ፣ ስሙን የዊንዶውስ ፋይል አስመስሎ የተደበቀ አንድ ፕሮግራም አገኘባት። የምጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል ይመዘግባል፣ ፋይል ይገለብጣል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ወደማላውቀው ቦታ ይልካል። የገባበትን ቀን አየነው። ላፕቶፔን ፎርማት አስደርጌ፣ ዊንዶውስና ኦፊስ ከነክራካቸው ያስጫንኩበት ቀን ነው። ጭነቱን ለማርከስ ብዬ በገዛ እጄ ገንዘብ ከፍዬ ሰላይ አስገባሁ ማለት ነው።

የለጋሾቹ ስም በዚያ በኩል ለመውጣቱ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ የለኝም። ልጁ ለመሸጡ ግን ከመጀመሪያውም ቅንጣት ማስረጃ አልነበረንም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ይቅር ብያለሁ» አለኝ። ይቅር አለኝ፣ ግን ዳግም ስብሰባ ላይ አልመጣም። ያቺን እናት ደግሞ ዓይናቸውን ለማየት እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ ዊንዶውስ በለው ሌላ፣ የቤትህ ዘበኛ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ዕቃ ነካ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። የተደበቀ ሶፍትዌር ሥራው ይህን ዘበኛ ማታለል ወይም መግዛት ነው። ዘበኛው ከተገዛ በኋላ «ማን ገባ?» ብለህ ብትጠይቀው «ማንም» ይልሃል። ሩትኪት የሚሉት ዓይነት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የፋይሎችን ዝርዝር ስትከፍት የራሱን ስም ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ለዚህ ነው «እኔ ኮምፒውተር ላይ ምንም አይታይም» ማለት ዋስትና የማይሆነው።

ይህን የሚያደርገው መንደርተኛ ሌባ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ሲዲዎቹ እንዳይገለበጡ ብሎ በደንበኞቹ ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን የሚደብቅ ሶፍትዌር ሲያስገባ ተይዟል። ያገኘውም ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የዊንዶውስ ባለሙያ በራሱ ማሽን ላይ ነው። ሌሎች ቫይረስ ሠሪዎች ደግሞ ኩባንያው በዘረጋው መጋረጃ ሥር ገብተው ተደበቁ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አጋልጧል። ማጥመጃው የግንቦት 7 አባላት ፎቶ ነበር። ፎቶውን አየሁ ብለህ ስትከፍተው ሰላዩ ይገባል። መረጃው የሚሄድበት ሰርቨር የተገኘውም በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነው።

በዚሁ ሶፍትዌር የተጠቃ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ የስካይፕ ንግግሩ ሲቀዳ፣ የቤተሰቡ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሲመዘገብ ከረመ። «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን እዚህ መክሰስ አይቻልም» በሚል ዘጋበት። ከዚህ መዝገብ ውስጥ አንዷን ነገር ግን በደንብ ያዛት። ያ የተመረዘ ኢሜይል ለሰውዬው የደረሰው ከሚያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ከሌላ የመጣለትን አስተላለፈለት እንጂ ሰላይ ነው ያለው የለም። እኛ ብንሆን ኖሮ ያንን ሰው ምን ብለን እንጠራው ነበር?

በታኅሣሥ 2013 ደግሞ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ተሞከረ። በሚያውቁት ሰው የስካይፕ አካውንት በኩል ጽሑፍ የሚመስል ፋይል ተላከላቸው፤ ውስጡ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሠራው ሰላይ ነበረበት። በ2015 ራሱ ሃኪንግ ቲም ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የሚሆን ምስጢሩ አደባባይ ሲወጣ የእኛው ኢንሳ ከደንበኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። የተከፈለውም 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2017 መጨረሻ ሲቲዝን ላብ ሦስተኛውን አጋለጠ። የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሶፍትዌር የኦሮሞ ሚዲያ ሰዎችንና ሌሎችን ዒላማ አድርጎ ነበር። ማጥመጃው የቪዲዮ ገጽ ነው። ቪዲዮውን ልታይ ስትል «አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርህ አርጅቷል፣ አፕዴት አድርግ» ይልሃል። አፕዴት ያልከው ሰላዩን ነው። የተጠቁት ማሽኖች በ20 አገሮች ተበትነው ተገኝተዋል።

እነዚህን ሦስቱን ደርድረህ ተመልከት። አንዱ የግንቦት 7፣ አንዱ የኢሳት፣ አንዱ የኦሮሞ ሚዲያ። ያኔ ከእኛ መካከል «የእነሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ያለፈ ብዙ ነው። ስህተት ነበር። ሰላይ ሶፍትዌር ብሔር አይጠይቅም። ደግሞም ሦስቱም የገቡት በሰው ሠራሽ ተአምር አይደለም። ባለቤቱ ፋይሉን ከፈተው፣ ወይም «እሺ» የሚለውን ተጫነው። 1 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው መሣሪያ ሳይቀር የሚገባው አንተ በሩን ስትከፍትለት ነው።

አሁን በራችንን እንየው። ባሕር ዳር ውስጥ ከስንቱ ወጣት ላፕቶፕ ላይ ነው ያልተሰበረ ዊንዶውስ የምታገኘው? ክራኩን ስንጭን የመጀመሪያው መመሪያ ምንድን ነው? «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። እንግዲህ አስበው፣ ቤትህ ሊገባ የመጣ የማታውቀው ሰው «መጀመሪያ ዘበኛውን አባርልኝ» ሲልህ እሺ ትላለህ? በኮምፒውተር ግን ሁላችንም ብለናል።

ፍላሹስ? አንዲት ፍላሽ ከፔዳ ግቢ ወደ ፖሊ ትሄዳለች፣ ፊልም ትሞላለች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ መመረቂያ ጽሑፍ ታሳትማለች፣ ማታ ደግሞ የኮሚቴያችንን ቃለ ጉባኤ ይዛ ትመለሳለች። ፎልደሮቻችን ሁሉ ወደ ሾርትከት ሲቀየሩ «ሾርትከት ቫይረስ ነው፣ ምንም አይል» እንባባላለን። ማን ነው ምንም አይልም ያለህ?

የአማርኛ መጻፊያውንም አስበው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ የግእዝ መጻፊያ ቅጂ የሌለው ማን ነው? ኪቦርድ ማለት የምትጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል የሚያይ ፕሮግራም ነው። ለሠሪዎቹ ክብር አለኝ፤ የምሰጋው የተሰበረውን ቅጂ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድና ፊደል አለው፤ ከማንም መለመን አያስፈልግህም። በገዛ ቋንቋችን የምንጽፍበትን በር እንኳ ለማናውቀው ሰው አደራ ሰጥተናል።

«እኔ እኮ ሲግናል ነው የምጠቀመው፣ ምን ይመጣብኛል?» ትለኝ ይሆናል። ሲግናል መልእክትህን መንገድ ላይ ይጠብቅልሃል። ሰላዩ ግን ኪቦርድህ ሥር ነው የተቀመጠው፤ መልእክቱ ገና ሳይቆለፍ ያነበዋል። ቴሌግራምህም ላፕቶፕህ ላይ ክፍት ከሆነ ፋይሉን ገልብጦ በሌላ ቦታ ያለ ኮድ ሊከፍተው ይችላል።

«የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚልም አለ። ወንድሜ፣ ያንተ ላይኖር ይችላል። የእኔ ላፕቶፕ ላይ የነበረው ግን የእኔ ምስጢር አልነበረም። የእነዚያ እናት ስም ነበር። ላፕቶፕህ የግልህ ናት ይባላል እንጂ ውስጧ ያለው የሌላ ሰው አደራ ነው። ሰላማዊ ሰው ነኝ፣ ሕጋዊ ሥራ ነው የምሠራው ካልክ እሰየው፤ አደራን መጠበቅ ደግሞ የጨዋ ልጅ ወግ ነው።

«ገንዘብ ከየት አምጥቼ ነው ኦሪጅናል የምገዛው?» እሱም እውነት ነው። ግን መንገድ አለ። እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ፦ ክራክ ይቅር። ከውጭ የገቡ ብዙ ላፕቶፖች ዊንዶውሳቸው አስቀድሞ ተከፍሎበታል፤ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ የወረደውን ስትጭንበት ራሱ ያውቀዋል። ካልሆነም ኡቡንቱና ሊብሬኦፊስ በነፃ ናቸው፤ ደብዳቤም ሒሳብም ይሠሩልሃል።

2ኛ፦ አፕዴት አታጥፋ። እ.ኤ.አ በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሲቆሙ፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዳው ያልወሰደው ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በ2020 ቆሟል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። «ዳታ ይበላብኛል» ብለህ የምትዘጋው አፕዴት ነው አጥርህ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ዋይፋይ ስታገኝ ከፊልሙ በፊት እሱን አውርድ።

3ኛ፦ ማተሚያ ቤት የምትሄደው ፍላሽ ለብቻዋ ትሁን። ፒዲኤፍ ብቻ ይዛ ትሂድ፣ ስትመለስ ሳትከፍት አጥፋት። የኮሚቴ ሰነድ ያለባት ፍላሽ ከቤት አትውጣ።

4ኛ፦ ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ በ2020 መጨረሻ ሞቷል። ዛሬ «ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርግ» የሚልህ ሁሉ ውሸታም ነው። ወዳጅህ የላከልህንም ፋይል ሳትከፍት ደውለህ በድምፁ ጠይቀው፦ «አንተ ነህ የላክኸው? ከየት አገኘኸው?» ይህ አለማመን አይደለም። ኪዳኔ የተጠቃው በሚያውቀው ሰው በኩል ነው።

5ኛ፦ የማያስፈልግህን ስም አታስቀምጥ። ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩን አጥፋ። የግድ የሚቀመጥ ከሆነ ዲስክህን በይለፍ ቃል ቆልፍ። ኢሜይልህና ቴሌግራምህ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርግ፤ ቴሌግራም ላይ አካውንትህ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አይተህ የማታውቀውን አስወጣ።

6ኛ፦ ከተያዝክ ቅርንጫፉን ብቻ አትቁረጥ። እምቦጭን ስንነቅል የነበርን ሰዎች ይህን ማስተማር አያስፈልገንም። ጣና ውስጥ እስከ ወገባችን ገብተን ስንት ቀን ለቀምነው፤ የቀረችው ቁራጭና ጭቃው ውስጥ የተኛው ዘር ግን መልሶ ሸፈነው። ኮምፒውተርም እንዲያው ነው። የታየህን ቫይረስ አጥፍተህ «ጸዳ» አትበል። ከንጹሕ ምንጭ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫን፣ የይለፍ ቃሎችህን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይር።

ከሁሉ በላይ ግን ይህችን ደንብ በየቡድናችን እናጽድቅ። ምስጢር ሲወጣ ከሰው በፊት ማሽኑ ይፈተሽ። ፋይሉ የት የት ነበር? በየትኛው ፍላሽ አለፈ? የማን ኮምፒውተር ላይ ክራክ አለ? ይህ ሳይጠየቅ ማንም ሰው በስብሰባ መካከል ባንዳ አይባል። እንዲህ ያልኩት ከዳተኛ የለም ብዬ አይደለም። ይኖራል። ግን ሰላይ የሚፈልገው ወሬህን ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ እንድትጠራጠርም ይፈልጋል። ፋይሉን ሰርቆ ሲያበቃ ጓደኛህን በገዛ እጅህ ካስባረረህ ሁለት ጊዜ አተረፈ።

መንግሥትም ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወታችንና የምንለዋወጠው መልእክት የተከበረ ነው ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም እ.ኤ.አ በ2024 ወጥቷል። በዞን 9 ጦማሪዎች ክስ ላይ ራስን በኢንተርኔት ስለመጠበቅ መሠልጠን ራሱ እንደ ወንጀል ተቆጥሮ እንደነበር አንረሳም። በሩን መቆለፍ ወንጀል አይደለም። በሕዝብ ግብር የተገዛ ስለላ በየትኛው ፍርድ ቤት ፈቃድ፣ በማን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አለን፤ እንጠይቃለንም። እስኪመለስልን ድረስ ግን በራችንን ከፍተን አንጠብቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ዛሬ ማታ ይህን ካነበብክ በኋላ ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ላፕቶፕህን ክፈትና ምን ምን እንደተጫነበት፣ የማን ስም እንዳለበት ቁጭ ብለህ እይ። ከዚያ ያለ ማስረጃ ያራቅኸው ወንድም፣ ያሳቀቅሻት እህት ካለች ስልክ አንሱና ደውሉ። እኔ ዘግይቼ ነው የደወልኩት።

ላይክ ከማድረግህ በፊት ይህን ጽሑፍ ለቡድንህ ልጆች አንብብላቸው። ከዚያ ሼር።